ከቀብር በፊት ያለ ዕዳ፤ ሕሙማንን በማኅበር ስለ መርዳት የቀረበ ትምህርት

ጌታችንና መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በኋለኛው ቀን በቀኙ የሚያቆማቸውን ጻድቃን ከሚያመሰግንባቸው ስድስት ምግባራት አንዱ የታመመውን መጠየቅ ነው (ማቴ. ፳፭፥፴፭-፴፮)። ይህን ትእዛዝ በአገራችን ያልሰማ ምእመን የለም፤ የሚፈጽመውም ብዙ ነው። ጎረቤት ታመመ በተባለ ጊዜ አጥሚት አስይዘን፣ ብርቱካንና ዳቦ ገዝተን፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠን፣ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን እንወጣለን። ይህ የተቀደሰ ልማድ ነው፤ ሊጠፋም አይገባውም።

ነገር ግን በዘመናችን አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሥቷል። የምንጠይቀው ሕመምተኛ ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ዋጋ ሲጨነቅ ባገኘነው ጊዜ ምን ልናደርግለት ይገባናል? ሐኪሙ በሽታውን አውቆታል፤ መድኃኒቱም በከተማው ይገኛል፤ የጐደለው ገንዘብ ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ሰው የምሕረት ቃል ተናግሮ መውጣት ብቻውን ይበቃልን? ሐዋርያው ያዕቆብ የተራቈተውንና የተራበውን ወንድም የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ በመልካም ቃል ብቻ ማሰናበት ምንም እንደማይጠቅም አስተምሯል (ያዕ. ፪፥፲፭-፲፮)። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሕክምና ወጪ ቅዱሳት መጻሕፍት ምን እንደሚሉ፣ በአገራችን ያለው ችግር ምን እንደሚመስል፣ የጤና መድን የሚባለውም ነገር ከክርስቲያናዊ ግዴታችን ጋር እንዴት እንደሚስማማ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

፩. መድኃኒትና ድኅነት

«ድኅነ» ከሚለው ከአንዱ የግእዝ ግሥ ድኅነት፣ መድኅንና መድኃኒት የሚሉት ቃላት ሁሉ ይወጣሉ። ዛሬ በመሥሪያ ቤትና በገበያ የሚነገረው «መድን» የሚለው ስምም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። አባቶቻችን ዓለምን ያዳነውን ጌታ መድኃኔ ዓለም ብለው ሲጠሩ፣ ባለ መድኃኒቱ ቀምሞ የሚሰጠውንም ሥርና ቅጠል መድኃኒት ሲሉት በቃሉ አላፈሩም፤ የነፍስም የሥጋም ጤና ምንጩ አንድ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያምኑ ነበርና።

መጽሐፈ ሲራክ በ፴፰ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ እንደ ሆነና አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ደግሞም የታመመ ሰው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከበደሉም እንዲመለስ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ እንዲሰጥ ይመክራል። እንግዲህ ጸሎትና ሕክምና በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጐን ለጐን ተጽፈዋል እንጂ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሡ ለሕዝቅያስ የዕድሜ ጭማሪ የምሥራች ይዞለት ከመጣ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (ኢሳ. ፴፰፥፳፩)። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም እንደ ነበረ የታወቀ ነው (ቈላ. ፬፥፲፬)።

፪. ገንዘቧን የጨረሰችው ሴትና የሳምራዊው ሁለት ዲናር

ቅዱስ ማርቆስ በአምስተኛው ምዕራፍ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ይፈሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ ሲጽፍ ሕመሟን ብቻ ተናግሮ አላለፈም። በብዙ ባለ መድኃኒቶች እጅ እንደ ተሠቃየች፣ የነበራትንም ሁሉ ከፍላ እንደ ጨረሰች፣ ይህም ሆኖ እንደ ባሰባት ጨምሮ ጽፏል። ሐኪሙ ሉቃስም ለባለ መድኃኒቶች ያላትን ሁሉ ማውጣቷን አልሸሸገም (ሉቃ. ፰፥፵፫)። ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? የሕመምተኛው ድኽነት ራሱ ከሥቃዩ ክፍል ተቈጥሮ በወንጌል ተመዝግቧል ማለት ነው። በበሽታ ላይ ድኽነት ሲጨመር ሸክሙ ሁለት እንደሚሆን ወንጌላውያን ዐውቀዋል። ጌታችን ግን ያለ ዋጋ ፈወሳት፤ ልጄ ብሎም ጠራት።

የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ያራምደዋል (ሉቃ. ፲፥፴-፴፯)። ሳምራዊው ቍስለኛውን ዘይትና ወይን አፍስሶ በማሰር አላበቃም። በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሌሊቱን አስታመመው፤ በማግሥቱም ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ እንደ ነበረ ከወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ እንረዳለን (ማቴ. ፳፥፪)። ስለዚህ የሁለት ቀን ደመወዝ አስቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን የመጨረሻው ቃሉ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ወጪ ቢኖር በተመለሰ ጊዜ እንደሚከፍል ተዋሰ። ወጪው ገና ስንት እንደሚሆን ሳይታወቅ ዋስ ሆነ። ሊቃውንት ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ፣ ማደሪያውንም ቤተ ክርስቲያን ብለው አመሥጥረዋል። ምሥጢሩ እንዳለ ሆኖ ንባቡም ያስተምረናል፤ ፍጹም ምሕረት የዛሬውን ቍስል ማሰር ብቻ ሳይሆን ለነገውም ወጪ መተማመኛ መሆን ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በታሪኳ ይህን ቃል በሥራ ፈጽማለች። በቅዳሴው የምናውቀው ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሣርያ አጠገብ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን መጠለያ የሚሆኑ ብዙ ቤቶችን አሠራ፤ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችንም አኖረበት፤ ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞችን ሳይቀር ተቀበለበት። ኅዳር ፳፪ ቀን የምናስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስም ሕሙማንን ያለ ዋጋ ስለ ማከማቸው በምሥራቁም በምዕራቡም ዓለም ይታወቃሉ። እንግዲህ የሕሙማን ወጪ የመንግሥትና የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያንን ከነገሩ ማራቅ የታሪክ ምስክር የለውም።

፫. ወጪው ለምን ከበደ?

አሁን ወደ አገራችን ሁኔታ እንመለስ። በ2009 ዓ.ም. የነበረውን ወጪ የመረመረው ሰባተኛው የአገር አቀፍ የጤና ሒሳብ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢትዮጵያ ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ 31 በመቶ ያህሉ ሕዝቡ በሕክምና ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍለው ነው። ይህም ማለት ከሦስት ብር አንዱ ብር ገደማ የሚወጣው ሰው በታመመበት፣ ሥራ መሥራት ባልቻለበትና ልቡ በተጨነቀበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

እርግጥ ነው፤ በመንግሥት የጤና ተቋማት የሕፃናት ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ይህም የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን የበሽታው ዓይነት ተለውጧል። የቀድሞው ሰው ይበልጥ ይፈራ የነበረው ድንገት መጥቶ የሚገድለውን ወረርሽኝ ነበር፤ የዛሬው ሰው ደግሞ ከእርሱ ጋር ለዓመታት የሚኖረውን የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ድካምና ነቀርሳ ይፈራል። እነዚህ በሽታዎች አንድ ጊዜ ታክሞ የሚገላገሏቸው አይደሉም፤ በየወሩ መድኃኒት፣ በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃሉ።

ከዚህም ሌላ አብዛኛው መድኃኒትና የምርመራ መሣሪያ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይመጣል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የገበሬው እህልና የሠራተኛው ደመወዝ በዚያው ፍጥነት አላደጉም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነትም ብዙ ጤና ጣቢያዎችንና ሆስፒታሎችን ከነመሣሪያቸው ስላወደመ፣ ሕመምተኛው በአቅራቢያው ያገኘው የነበረውን ሕክምና ፍለጋ ሩቅ አገር እንዲሄድ ተገድዷል።

በገጠር የሚኖር አንድ የቤተሰብ ኃላፊ ከባድ ሕመም ቢያገኘው የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እናስተውል። አስቀድሞ «ይሻለኛል» እያለ ይዘገያል፤ መዘግየቱም በሽታውን ያከብደዋል። ከዚያ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። የካርድና የምርመራ ዋጋ አለ፤ ራጅ አለ፤ መድኃኒት አለ። አስታማሚው የሚያድርበትና የሚበላው ያስፈልገዋል፤ የመኪና ዋጋ የደርሶ መልስ ነው። መጀመሪያ ዶሮና በግ ይሸጣሉ፤ ቀጥሎ አንዱ በሬ ይሸጣል። በሬውን የሸጠ ገበሬ ከበሽታው ቢድን እንኳ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለሌላ በእኩል ይሰጣል፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት ያስቀራል። በዚህ ዓይነት የአንድ ሰው ሕመም የአንድ ቤት ድኽነት ሆኖ ለልጅ ይወረሳል።

በከተማም ቢሆን በየቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የሐኪም ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ የሕክምናውን ዋጋ ጽፈው የሚለምኑ ሕሙማንን እናያለን። ከፊሎቹ ትናንት እንደ እኛ ሥራና ቤት የነበራቸው ናቸው። የገንዘቡ ልክ እስኪሞላ ድረስ ሕመሙ አይጠብቃቸውም።

፬. ለሞት እናዋጣለን፤ ለሕይወትስ?

የአገራችን ሕዝብ መረዳዳትን ከማንም መማር የሚያስፈልገው አይደለም። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ጀምሮ በከተሞች የተስፋፋው ዕድር ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን፤ የቀረውንም እንቀጣለን። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፤ ሐዘንተኛው ምን ልግዛ፣ ማንን ልበደር ብሎ አይጨነቅም። ድኻውም ባለጸጋውም በእኩል ክብር ይቀበራል። ይህ ያማረ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ያ የቀበርነው ወንድማችን ከሦስት ወር በፊት ለቀዶ ሕክምና የሚከፍለው አጥቶ ከሆስፒታል ተመልሶ ቢሆንስ? በሕይወት ሳለ በጥቂት ሺህ ብር ይድን የነበረውን ሰው በሞተ ጊዜ ከዚያ በሚበልጥ ወጪ ብንቀብረው ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ለአርባውና ለሙት ዓመቱ ተዝካር ሰንጋ የሚጣልለት ሰው በታመመ ጊዜ የአንድ ሳምንት መድኃኒት የሚገዛለት አጥቶ ነበር ቢባል፣ እኛ ክርስቲያኖች ምን መልስ እንሰጣለን? ይህን ስንል ለሙታን መጸለይን፣ ስለ እነርሱም መመጽወትን ማቃለላችን አይደለም፤ ይህ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነውና። ነገር ግን የቀብር ዕዳችንን አጥብቀን ስንይዝ ከቀብር በፊት ያለውን ዕዳ መርሳት አይገባንም እንላለን።

በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ቤት በተዘጋበት ጊዜ አንዳንድ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን መርዳት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ዕድር ለሞት ብቻ ሳይሆን ለሕይወትም መሥራት እንደሚችል በተግባር የታየ ነው።

፭. የጤና መድን ማለት ምንድር ነው?

የጤና መድን ማለት በአጭር አነጋገር ለሕክምና የቆመ ዕድር ማለት ነው። ሁሉም በጤናው ጊዜ ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፤ ከመካከሉ የታመመው ከተዋጣው ይታከማል። ምሳሌ ሰጥተን እንናገር። በአንድ አጥቢያ 300 ቤተሰቦች በየዓመቱ 1,000 ብር ቢያዋጡ 300,000 ብር ይሆናል። በዚያ ዓመት ከእነርሱ መካከል 15 ሰዎች እያንዳንዳቸው 20,000 ብር የሚያስወጣ ሕመም ቢያገኛቸው፣ የአስተዳደሩን ወጪ ትተን፣ ገንዘቡ ሁሉንም ያሳክማል። የሁሉም ቤት አንድ ሺህ ብር ጐደለበት፤ የማንም ቤት ግን አልፈረሰም። የተመዘገቡት አስቀድሞ ሕመም ያለባቸው 30 ቤተሰቦች ብቻ ቢሆኑ ግን የተዋጣው 30,000 ብር ብቻ ስለሚሆን ሁለት ሕመምተኞችን እንኳ አያሳክምም። ስለዚህ ጤነኛው ካልገባበት መድን አይቆምም።

ይህ አሠራር በዓለም አዲስ አይደለም። ጀርመን በ1875 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883) ለሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ አውጥታለች። ከአፍሪካም ሩዋንዳ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 በጥቂት ወረዳዎች የሙከራ ሥራ ጀምራ በኋላ አብዛኛውን ሕዝቧን በመድን ውስጥ አስገብታለች። በአገራችን ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የሚሆን የማኅበራዊ ጤና መድን ዐዋጅ ቍጥር 690 ወጣ፤ አፈጻጸሙ ግን ለብዙ ዓመታት ሲተላለፍ ቈየ። ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ለከተማው ሕዝብ የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በዚያን ጊዜ አጠራር በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ቤተሰቦች አባል ሆነዋል። አባሉ የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድኾችም የመንግሥት አስተዳደር እንዲከፍልላቸው ሥርዓት ተሠርቷል። ሕመምተኛው በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም በሪፈር ደብዳቤ ወደ ሆስፒታል ይተላለፋል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉት ቅዱሳን ገንዘብ እንዲዋጣ ባዘዘ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ችሎታው እንዲያስቀምጥ ነግሯል፤ እርሱ ከመጣ በኋላ በጥድፊያ እንዲሰበሰብ አልፈቀደም (፩ቆሮ. ፲፮፥፩-፪)። በሁለተኛው መልእክቱም የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጕድለት እንዲሞላ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ነገሩ በተገላቢጦሽ እንዲሆን፣ በዚህም እኩልነት እንዲገኝ አስተምሯል (፪ቆሮ. ፰፥፲፫-፲፭)። አስቀድሞ፣ በየጊዜው፣ እንደ ችሎታ ማዋጣት ሐዋርያዊ ሥርዓት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

፮. ስለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

አንደኛ፤ «ጌታ ለነገ አትጨነቁ ብሏልና ለነገ ሕመም ማዋጣት እምነት ማጣት አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ጌታችን የከለከለው ጭንቀትን እንጂ ማስተዋልን አይደለም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የምድሪቱን ፍሬ አምስተኛ እጅ ማከማቸቱ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሰጠ ጥበብ እንደ ነበረ ተጽፏል (ዘፍ. ፵፩)። እንዲያውም የሚጨነቀው ያዋጣው ሳይሆን ምንም ሳያዘጋጅ የታመመው ነው። ደግሞም መዋጮው ለራስ ነገ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤት ዛሬ ነው።

ሁለተኛ፤ «ሳልታመም ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቤ ባከነ» የሚል አለ። በዕድራችን ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተምና ያዋጣሁት ይመለስልኝ ያለ ማን ነው? ቢገኝስ ማን ጤነኛ ብሎ ይቈጥረዋል? ሳይታመም ዓመቱን የፈጸመ ሰው እግዚአብሔርን ያመስግን፤ ገንዘቡም የማያውቀውን አንድ ሕመምተኛ ከአልጋ አንሥቷልና ሁለት ጊዜ ደስ ይበለው። ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራ እጅ እንዳታውቅ የተባለው ምጽዋት ከዚህ የበለጠ ወዴት ይገኛል?

ሦስተኛ፤ «ሳይታመሙ ለሕመም መክፈል ሟርት ነው» የሚል ፍርሃት በአንዳንድ ስፍራ ይሰማል። የዕድር መዋጮ ሞትን እንዳልጠራ ሁሉ የሕክምና መዋጮም በሽታን አይጠራም። ይህ ከክርስቲያን ሃይማኖት ውጭ የሆነ ፍርሃት ነውና ካህናት በትዕግሥት ሊያስተምሩበት ይገባል።

አራተኛ፤ «እኛ በጸበል እንድናለን፤ ሐኪም አያስፈልገንም» የሚሉ አሉ። በጸበል ብዙዎች መፈወሳቸውን እናምናለን፤ እንመሰክራለንም። ነገር ግን ጸበልንና መድኃኒትን ያጣላ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያስተምሩ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱን ለመውሰድ ሌላውን መተው እንደማያስፈልግ በይፋ አስታውቀዋል።

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ የሚጠይቁትም እውነት አላቸው። «መዋጮውን ከፈልን፤ ደብተሩንም ያዝን፤ በታመምን ጊዜ ግን መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ተባልን» ይላሉ። ይህ በብዙ ስፍራ የደረሰ በደል ነው፤ ማስተባበልም አይገባም። የድኻን መዋጮ ተቀብሎ አገልግሎቱን መንፈግ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ያስጠይቃል። ታዲያ ምን ይደረግ? የሐዋርያት ሥራ በስድስተኛው ምዕራፍ መንገዱን ያሳየናል። በዕለቱ የእርዳታ እደላ አንዳንድ መበለቶች ተዘንግተው ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁም፤ እደላውንም አልሻሩም። በመልካም የተመሰከረላቸውን፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው በሥራው ላይ ሾሙ። እኛም የተበላሸውን አሠራር ማረም እንጂ ማኅበሩን ማፍረስ አይገባንም። አባላት ገንዘባቸው ምን ላይ እንደ ዋለ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ የሚጠይቁላቸውም ታማኝ ሰዎች ሊመርጡ ይገባል።

፯. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ካህናት ሆይ፤ በዐውደ ምሕረት ስለ ምጽዋት ስታስተምሩ ስለ ሕሙማን መዋጮም አስተምሩ። የንስሐ አባት የየቤቱን ችግር ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ስለዚህ መክፈል የማይችለው ድኻ ከተረጂዎች መዝገብ እንዳይቀር ለሚመለከታቸው ማስታወስ ይቻለዋል። በተለይም ከአገሩ ርቆ የሚማረው የአብነት ተማሪ፣ ቤተሰብ የሌላት አረጋዊት መነኵሲት፣ ከቀዬው የተፈናቀለውም ወንድም በቤተሰብ በሚደረግ ምዝገባ ውስጥ ስማቸው ሊዘለል ይችላልና ሰበካ ጉባኤያት ያስቡላቸው። ሌሊት በማኅሌት፣ ቀን በቅዳሴ የሚደክመው የገጠር ካህን ራሱ በታመመ ጊዜ ምን እንደሚደርስበትም ሊታሰብ ይገባል።

የዕድር ዳኞች ሆይ፤ በደንባችሁ ውስጥ ስለ ሕሙማን አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ገንዘቡ ከቀብሩ መዋጮ የተለየ ይሁን፤ ሒሳቡ በየጊዜው በአባላት ፊት ይነበብ። ሌላው ባይቻላችሁ የችግረኛ አባሎቻችሁን ዓመታዊ የመድን መዋጮ ዕድሩ ይክፈልላቸው። የማኅበርና የሰንበቴ ጽዋተኞች ሆይ፤ ከድግሱ ጥቂት ቀንሳችሁ በየዓመቱ አንድ ድኻ ቤተሰብ በመድን ብታስመዘግቡ የቅዱሱ መታሰቢያ ይከብራል እንጂ አይቀንስም።

ሐኪሞችና ባለ መድኃኒቶች ሆይ፤ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና የድካማችሁን ዋጋ መቀበላችሁ ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን የማያስፈልግ ምርመራ አዝዞ ድኻን ማራቈት፣ ዋጋ እስኪወጣ መድኃኒትን መሸሸግ ከባድ በደል ነው። እህልን በችግር ጊዜ የሚደብቀውን ሕዝብ እንደሚረግመው የተናገረው ጠቢብ (ምሳ. ፲፩፥፳፮) ስለ መድኃኒት ደባቂ ምን ይል ነበር? ቆዝሞስንና ድምያኖስን አስቡ።

በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችንም፤ አንድ ሰው ታመመ በተባለ ጊዜ ገንዘብ አሰባስባችሁ ብዙዎችን እንዳሳከማችሁ እናውቃለን፤ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ነገር ግን ስልክ የሚደውልለት ዘመድ የሌለው ሕመምተኛ ብዙ ነውና፣ የአጥቢያችሁን ድኾች ዓመታዊ መዋጮ አስቀድሞ መክፈልንም ከልማዳችሁ ጋር ጨምሩት።

የጤና መድን የሁሉ ችግር መፍቻ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። በውጭ አገር የሚደረገውን ሕክምና፣ መነጽርንና ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሰለውን ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ መዋጮ ከፍያለሁ ብሎ በደጅ የወደቀውን ሕመምተኛ ማለፍ አይቻልም። መድኑ ሕግ ነው፤ ምጽዋቱ ፍቅር ነው፤ ሕግ የማይደርስበትን ፍቅር ይደርስበታል።

የአንዱ ብልት ሕመም የሁሉ ብልት ሕመም እንደ ሆነ ተምረናል (፩ቆሮ. ፲፪፥፳፮)። በሥጋ ወደሙ አንድ የሆንን እኛ፣ በመቃብር ደጅ እንደምንገናኝ ሁሉ በሆስፒታሉም ደጅ እንገናኝ። የሞተውን ወንድማችንን በክብር መሸኘት የለመደች እጃችን የታመመውን ለማንሣት አትጠር።

የሕሙማን ፈዋሽ፣ የድኾች ተስፋ የሆነ እግዚአብሔር አምላካችን ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለባለጸጎች ርኅራኄን፣ ለሹማምንት ቅንነትን፣ ለሁላችንም አስተዋይ ልቡናን ያድለን።

ስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።